በነፃ ላሠልጥን ብዬ ብሄድ ልጆቹ ሸሹኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በአዋላጅ ነርስነት ሠርቻለሁ። አምና 60 ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። ሽኝቱ ያማረ ነበር። ጋቢ አለበሱኝ፣ ሰርተፊኬት ሰጡኝ፣ ፎቶ ተነሣን። በማግሥቱ ጠዋት ግን ሳላስበው ተነሥቼ ጋውኔን መፈለግ ጀመርኩ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ልጆቼም ከሐዋሳ ውጪ ናቸው። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ሐይቅ ዳር ወክ አድርጌ ስመለስ ገና ሦስት ሰዓት ነው። ቀኑ አልመሽ ይለኛል።

ቤት ከምቀመጥ ብዬ ሰፈሬ ያለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዲስ የተመደቡ ሚድዋይፎች እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ኃላፊውን «በነፃ መጥቼ ላግዛቸው፤ የማውቀውን ላሳያቸው» አልኩት። ደስታውን አልቻለውም። «ሲስተር፣ እግዜር ነው የላክዎት» አለኝ። ወዲያው ጀመርኩ።

ልጆቹ አምስት ናቸው። ጎበዞች ናቸው፣ አልዋሽም። ግን ገና ከትምህርት ቤት መውጣታቸው ነው። ከገጠር የመጣች እናት በሲዳምኛ ስትናገር የማይገባቸውም አሉ። እኔ ቋንቋውንም ሰዉንም አውቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ከበው ይጠይቁኝ ነበር። ኃላፊውም አልፎ አልፎ ቢሮው ጠርቶ «እንዴት ናቸው ልጆቹ?» ይለኛል፤ ያየሁትን እነግረዋለሁ።

አንድ ቀን የበኩር ልጇን ልትወልድ አንዲት ልጅ መጣች። ስትመረመር የማህጸኗ በር 4 ሳንቲ ተከፍቷል። ተረኛዋን «በይ ፓርቶግራፉን ጀምሪ» አልኳት፤ የምጡን ሂደት የምንመዘግብበት ቅጽ ነው። «ሲስተር፣ አሁን እኮ ከ5 ነው የሚጀመረው» አለችኝ። የወላዷ አማት አጠገባችን ቆማለች። ደሜ ፈላ። «አንቺ ሳትወለጂ እኔ ሳዋልድ ነበር» አልኳት። ዝም አለች። እናትየዋም በሰላም ተገላገለች።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ቀዘቀዙብኝ። ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ። በቀደም ሻይ የሚጠጡበት ክፍል በር ላይ ስደርስ አንዷ «ማዘር ዛሬም ትመጣለች እንዴ?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ጡረታ የወጣችው ታዲያ ለምንድነው?» አለች። ሳቁ። ሳልገባ ተመለስኩ። ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁና አለቀስኩ።

በዚህ ላይ ኃላፊው ሰው ሲጎድልበት «ሲስተር፣ የእሑድን ዲዩቲ ቢሸፍኑልን» ማለት ጀምሯል። እምቢ ማለት ከብዶኝ የሸፈንኩበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ደግሞ በቅርቡ ትወልዳለች። «በነፃ ምን ያንከራትትሻል? ይልቅ መጥተሽ እኔን እረሺኝ» ትለኛለች።

አንዷ ሚድዋይፍ ብቻ ማታ ማታ ትደውልልኛለች። ባለፈው ከወሊድ በኋላ ደም የበዛባት እናት ገጥማት ነበር። «ሲስተር፣ እንዳሳዩኝ አደረግኩ፤ ቆመልኝ» ብላ በስልክ አለቀሰች። እሷ ባትኖር ይሄኔ ትቼው ነበር። ምን ይመክሩኛል? ያልፈለጉኝ ቦታ መመላለስ ውርደት አይደለም?

ጡረተኛዋ ሲስተር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ሲስተር፣ ደሞዝ ሳይከፈልዎ፣ የባጃጁን ከኪስዎ እያወጡ ሄደው እንዲህ ያለ ሳቅ መስማት ያማል። ማልቀስዎ አይገርመኝም። ግን ልጆቹ እርጅናዎን የናቁ አልመሰለኝም። የ4 እና የ5 ሳንቲሜትሩ ነገርም ዋናው ምክንያት አይመስለኝም። ከደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሰው ያለፉት ነገር አለ፤ እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ «እንዴት ናቸው ልጆቹ?» ሲልዎ ያዩትን ይነግሩታል።

እስቲ ምን ምን እንደነገሩት ያስታውሱ። አንዷ አርፍዳ መግባቷን? ሌላዋ ካርድ ላይ ሳትጽፍ መሄዷን? እርስዎ በቅንነት ነው። ልጆቹ እንዲታገዙ ብለው ነው። እንደ ድሮው የሥራ ባልደረባ ሆነው ነው ያወሩት። አሁን ደግሞ ራስዎን ከአዲሷ ልጅ ቦታ ያስቀምጡ። የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። አጠገቧ አንዲት አንጋፋ ሴት ቆመው እጇን ያያሉ። ከዚያ ኃላፊው ቢሮ ገብተው በሩ ይዘጋል። ሲወጡ ምን ብለው እንደወጡ ማንም አይነግራትም። እርስዎ በሷ ዕድሜ ቢሆኑ ወሬዎን አያቋርጡም ነበር? እኔ አቋርጥ ነበር።

ሲገቡ ዝም የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ለሰው ስህተትን ማሳየት የሚቻለው ነገሩ እዚያው እንደሚቀር ሲታወቅ ነው። «ይሄ አልገባኝም» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ በተለይ ዲግሪውን ይዞ ለመጣ ልጅ። እሱን ድፍረት የሚያገኙት ወሬው ከርስዎ አልፎ እንደማይሄድ ካመኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከልጆቹ ጋር አይደለም፣ ከኃላፊው ጋር ነው። ሄደው በጨዋ ደንብ ይንገሩት፦ «ልጄ፣ እኔ ላስተምራቸው እንጂ ልቆጣጠራቸው አልመጣሁም። ከዛሬ ጀምሮ ስለነሱ አትጠይቀኝ። የእናት ወይም የሕፃን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካየሁ ግን እነሱ ባሉበት እነግርሃለሁ።» ይከፋው ይሆን? ትንሽ ይከፋው ይሆናል። ኃላፊዎች ነፃ ዓይን ማግኘት ይወዳሉ። ግን ይህን ሳያስተካክሉ ሌላውን ሁሉ ቢያደርጉ ልፋትዎ ከንቱ ነው። ከዚያ ለልጆቹም ይህንኑ በግልጽ ይንገሯቸው። ሽምግልና አያስፈልገውም። ሻይ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ባንድ ቀን አያምኑዎትም፣ ይጠብቁ። ለሳምንታት ኃላፊው ቢሮ ሳይገቡ ሲቀሩ ነው የሚያምኑት።

ወደ ፓርቶግራፉ እንምጣ። ልጅቷ ልክ ነበረች፣ ሲስተር። ወይም ቢያንስ የተማረችውን ነው የነገረችዎ። እርስዎ በሠሩበት ዘመን ንቁው የምጥ ደረጃ፣ ማለትም ምጡ የሚፋፋምበት ጊዜ፣ ከ4 ሳንቲሜትር ይጀምራል ይባል ነበር፤ ከዚያ የማህጸኑ በር በሰዓት 1 ሳንቲሜትር እየተከፈተ ካልሄደ ቅጹ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ መስመር አልፏል ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መነሻውን ወደ 5 ሳንቲሜትር አሳደገው። የሰዓቱን መስፈርትም ለሁሉም ሴት የሚሆን አይደለም አለ፤ ብዙ እናቶች ከዚያ ቀስ ብለው ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉና። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በድሮው ፓርቶግራፍ ፋንታ አዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ አወጣ። አዲሱ ቅጽ እናትየዋ አጠገቧ የምትፈልገው ሰው አለ ወይ፣ የሚጠጣ አግኝታለች ወይ ብሎ ሳይቀር ይጠይቃል። እርስዎ ይህን ሳይጻፍ ጭምር ያደርጉት እንደነበር እገምታለሁ። ለማንኛውም ጤና ጣቢያው አሁን የሚሠራበት መመሪያ የትኛው እንደሆነ ጠይቀው ቅጂውን ወደ ቤት ይውሰዱ። መነጽርዎን አድርገው ቡናዎን እየጠጡ ያንብቡት። ቀኑ አልመሽ አለኝ ብለውኝ የለ?

ስታነብቡ ሌላም የተለወጠ ያገኛሉ። እትብቱን ቶሎ መቁረጥ ቀርቶ 1 ደቂቃ ያህልና ከዚያም በላይ ይጠበቃል። በኩር ወላድ ሁሉ ይቀደድ የሚባለው ነገርም ቀርቷል። አንዳንዱ ያናድድዎ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ «ይሄንንማ እኔም ስጠረጥር ነበር» ያሰኝዎታል።

ካነበቡ በኋላ ልጅቷን ለብቻዋ ፈልገው «የዚያን ቀኑን አጣራሁት፤ ልክ ነበርሽ። ሰው ፊት እንደዚያ ልናገርሽ አይገባኝም ነበር» ይበሏት። በቃ። ረጅም አያድርጉት፤ «ግን እኮ አንቺም» የሚል ጭራም አይቀጥሉበት። በኛ አገር ታላቅ ለታናሽ እንዲህ ሲል ብዙ አይሰማም። ልጅቷ ደንግጣ «ኧረ ምንም አይደለም ሲስተር» ትል ይሆናል። ይተዋት። ማታ ለጓደኞቿ መንገሯ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅቷ ያንን ስትልዎ ያስቆጣዎ ቁጥሩ ነው ወይስ የአማትየዋ መኖር? እኔ አማትየዋ ትመስለኛለች። ሰው ፊት መታረም ለማንም ይከብዳል፤ እርስዎንም ከብዶዎታል። ለልጆቹም እንደዚያው ነው። ወላዷ አልጋ ላይ ሆና፣ ቤተሰቧ በር ላይ ቆሞ «እንደሱ አይደለም» ሲባሉ የወላዷም እምነት ይጠፋል። አንዴ «ይቺ ልጅ አታውቅም» ካሉ ደግሞ ሌላ ሰው ይምጣልን ይላሉ።

ስለዚህ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አፍዎ ይረፍ፤ ዓይንዎ ይሥራ። እርዳታ የሚያስፈልግ ሲመስልዎ «ላግዝሽ?» ይበሉ። እሺ ካለች ይጠጉ። ደም ከፈሰሰ ወይም ሕፃኑ አልተነፍስ ካለ ግን ያው ነው፣ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ይህንንም አስቀድመው ይስማሙበት። ትምህርቱ ከሥራ በኋላ ይሁን። «ዛሬ ምን ከበደሽ?» ብለው ይጀምሩ፤ የሚቀጥለውን እሷ ታወራዋለች።

ትምህርቱን አጭር ማድረግም ያስፈልጋል፣ ሲስተር፤ ይህን ስል እንዳይቀየሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019ኙ ጥናት 48 ደርሰዋል። እናቶችን ከቤት ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣችው የርስዎ ትውልድ ናት። ገንፎውን ጤና ጣቢያ ድረስ አስገብታ፣ ቡናውን አስፈልታ፣ ከኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ቤት ለቤት ዞራ። ግን የዚያ ውጤት አሁን እነዚህ ልጆች ላይ ነው ያረፈው። እርስዎ ወጣት ሳሉ በአንድ ሌሊት የማይገጥምዎ ሕዝብ ዛሬ ይገጥማቸዋል። ካርድ መሙላቱ አለ፣ ሪፖርቱ አለ፣ ሪፈር መጻፉ አለ። ረጅም ታሪክ ቢጀምሩላቸው ጆሯቸው እርስዎ ጋ፣ ዓይናቸው በር ላይ ነው። ጥሩ ታሪክ እንዳለዎት አልጠራጠርም። አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ለዕለቱ ጥያቄ የሚሆነውን።

አሁን ማታ ወደምትደውለው ልጅ ልሂድ። ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ያስደሰተኝ እሷ ናት። ማህጸን በእጅ ሥር ሲለሰልስና ሲጠነክር ያለውን ልዩነት መጽሐፍ ላይ አንብባለች፤ ፈተናም መልሳበታለች። እጅዋን ይዘው የወላዷ እምብርት ሥር ያሳዩዋት ግን እርስዎ ነዎት። ሌሊት ብቻዋን ሆና ስታሸው እየጠነከረ ሲመጣ የተሰማት ያ ነው። ይሄ በየትኛውም መመሪያ አልተቀየረም። ሲዳምኛዎም አልተቀየረም። ፈርታ የምትጮህ ልጅ በቋንቋዋ «አይዞሽ» ስትባል ትንፋሿ እንዴት እንደሚረጋጋ ከርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቹን ምጥ ላይ የምታስፈልጋቸውን ያህል ሲዳምኛ ቢያስተምሯቸውስ? «ግፊ»፣ «ቆዪ፣ አትግፊ»፣ «የት ጋ ያምሻል?»፣ «ደም አየሽ?»። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሲሉት የኖሩትን አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉና ግድግዳው ላይ ይለጥፉላቸው። እርስዎ በሌሉበት ሌሊትም ይሠራል።

ስለዚህ አምስቱንም ልያዝ አይበሉ። ከሷ ጋር ይቀጥሉ። የፈለገች ሌላም ትምጣ፣ ያልፈለገች ትቅር። ለሁሉም እናት ልሁን ማለት ነው የሚያደክመው። ለመሆኑ መጀመሪያ ሲሄዱ ኃላፊውን እንጂ ልጆቹን አነጋግረው ነበር? አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ «ከዛሬ ጀምሮ ሲስተር አብረዋችሁ ናቸው» ተብሎ ከሆነ እነሱ አልተጠየቁም። አሁን ይጠይቋቸው። ምን ይጠቅማችኋል? መቼ ልምጣ? የሚሰጡዎት መልስ «ረቡዕ ከሰዓት ብቻ» ከሆነም ረቡዕ ከሰዓት ይሂዱ።

ዲዩቲውን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። እዚህ ላይ አልለሳለስም። እሑድ ሌሊት እርስዎ ብቻዎን ተረኛ ሆነው እናትየዋ አንድ ነገር ብትሆን ካርዱ ላይ የሚፈርመው ማነው? ደሞዝ የለዎት፣ ውል የለዎት፣ መዝገብ ላይ የሉበት። የሙያ ፈቃድዎስ ታድሷል? ፈቃድ በየጊዜው እንደሚታደስ፣ ለማደስም ተከታታይ ሥልጠና እንደሚጠየቅ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ጡረታ ሲወጡ ምን ያደርግልኛል ብለው ትተውት ከሆነ በሽተኛ መንካት የለብዎትም፤ ለማስተማር እንኳ ቢሆን በማሠልጠኛ አሻንጉሊት ላይ፣ በቃል፣ በካርድ ግምገማ ይሁን። ማደስ ከፈለጉ ደግሞ ሥልጠናው ላይ ከልጆቹ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ያ ብቻውን ብዙ ነገር ያቀልላል። ኃላፊው ሰው ካጠረው ለጤና መምሪያው ጽፎ ማስቀጠር የሱ ሥራ ነው። እርስዎ በነፃ በሸፈኑለት ቁጥር ያንን ደብዳቤ ሳይጽፍ ይቀራል፤ ጉድለቱም አይታይም። «የኔ ልጅ፣ ዲዩቲ ከፈለግህ በኮንትራት ቅጠረኝ፤ ለማስተማር ከሆነ ግን በነፃ እመጣለሁ» ይበሉት። እምቢ ማለት ከከበደዎ በቃል አይበሉት፣ ይጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል። የሚመጡበት ቀንና ሰዓት፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደማይሠሩ። ካርድ ላይ እንደማይፈርሙ፣ የልጆቹን የሥራ አፈጻጸም እንደማይሞሉ፣ ተረኛ እንደማይሆኑ። እሱም ይፈርም። የባጃጁን ሒሳብ መጠየቅም ነውር የለውም። በነፃ ማገልገል ማለት ከጡረታ አበል ላይ መክሰር ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርገው ጥቂት ወራት ይዩት። ያኔም በር ላይ ያ ሳቅ ካለ በሰላም ይሰናበቱ። ውርደት አይደለም። ልጅቷ ቤትዎ መጥታ ቡና እየጠጣች ትጠይቅዎት፤ ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሐዋሳ ውስጥ እርስዎን መሰል ጡረተኛ ሲስተሮች እንደማይጠፉም እርግጠኛ ነኝ። ዕድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሐይቅ ዳር ወክ ላይ ይገናኛሉ። አንዷን ይዘው ቢሄዱ ድካሙም ሐሜቱም ይካፈላል።

የቀረው ልጅዎ ናት። «በነፃ ምን ያንከራትትሻል» ስትል የምትለው ሌላ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው? ከሆነ ፈርታለች። እናቷ ለሰው ልጆች ሁሉ ደርሳ ለሷ እንዳትቀርባት ነው የምትሰጋው። ዛሬ ይደውሉላትና ቀኗን ይጠይቋት። «እመጣለሁ፤ አርሼሽ፣ ክርስትናውን አይቼ እመለሳለሁ» ይበሏት፤ የምትመለሱበትንም ቀን ጭምር ይንገሯት፣ ኋላ ቅሬታ እንዳይሆን። ጤና ጣቢያውም እስከዚያ አይፈርስም። ለማታዋ ደዋይ ደግሞ አዲስ አበባ እያሉም ስልክዎ ክፍት እንደሆነ ንገሯት። ከመሄድዎ በፊት ግን ኃላፊው ቢሮ ገብተው ያንን ወረቀት ያስፈርሙት።